መንገድ ዳር ብቻ የቀላው የሶሪት ካርታ

በወፍ ጥናት ፕሮጀክት ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው። አስተባባሪያችን ወይዘሮ ስንዱ በመጀመሪያው ቀን ባይኖኩላርና ጂፒኤስ ሰጡኝ፤ መኪናው በቆመበት ሁሉ ወርጄ እንዳዳምጥ፣ ሶሪት ካየሁ ወይም ከሰማሁ ቦታውን እንድመዘግብ አዘዙኝ። ሶሪት አረንጓዴ ወፍ ናት፤ ስትበር የክንፏ ቀይ ይታያል። ድምጿን ግን ከጉሬዛ ጩኸት ለመለየት ብዙ ተቸግሬያለሁ።

እንዲህ እያልን በግንደወይን አድርገን ሞጣ ደረስን። ያገኘነውን ከዝናቡ፣ ከሙቀቱና ከመሬቱ ከፍታ ጋር ኮምፒውተር ውስጥ አስገባን። እሱም ሶሪት ትኖርበታለች ብሎ የገመተውን ቦታ ቀይ፣ አትኖርበትም ያለውን ነጭ አድርጎ ካርታ አወጣ።

ቀዩ የመኪናውን መንገድ ይዞ ሄዷል። ወይዘሮ ስንዱ ካርታውን አዙረው አዙረው አዩና፣ ሶሪት አቧራና ጡሩምባ ስትወድ አይቼ አላውቅም አሉ። ስህተቱን ከስሌቱ ውስጥ ስንፈልግ ሰነበትን። አላገኘንም።

ግራ እንደተጋባን ሞጣ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የፕሮጀክቱ በጀት ለሶሪት ተብሎ አጥር የሚያሠራው ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ብቻ ነው፤ በካርታው መሠረት መንገድ ዳር ያለው ሊመረጥ ሆነ። ከዓባይ ገደል አፋፍ የመጡ መሪጌታ አስማማው የሚባሉ አዛውንት ተነሡ። የእሳቸው ደብር ደን ከነጩ ውስጥ ነው፤ ከብት እየገባበትም እያለቀ ነበር።

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ ወፏ የለችም ያላችሁት መጥታችሁ አይታችሁ ነው?» አሉኝ።

«አይ መሪጌታ፣ መኪና ስለማይገባ አልመጣንም።»

«አለች አልልም፤ የእኔም ዓይን ደክሟል። ግን የለችም ማለትን ከየት አመጣችሁት?»

ወይዘሮ ስንዱን ባያቸው እሳቸውም እኔን ያያሉ። ወፏን የፈለግናት መኪና በሚገባበት ብቻ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩም መንገድ ዳር ብቻ የምትኖር መስሎት ኖሯል።

ወይዘሮ ስንዱ ውሳኔው እንዲቆይ ለምነው በእግር ሄድን። በመሪጌታ ደን ጧትም ማታም ብናዳምጥ ሶሪት የለችም። ከደኑ ሥር ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ባለው፣ እሱም በካርታው ላይ ነጭ በሆነው የቤተ ክርስቲያን ደን ግን ሁለት ሆነው ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲበሩ አየን። አጥሩ ለማዶው ሆነ።

ለመሪጌታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «እንግዲህ ካያችሁ ይሁን» አሉ። ደግሞ፣ «በክረምት ብትመጡስ?» አሉኝ።

ፕሮጀክቱ ከክረምት በፊት ያልቅ ነበር። ሶሪት ክረምት ክረምት ወደ መሪጌታ ደን ትመጣ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ለአዳዲስ ባለሙያዎች የምለው ይኼን ነው፦ ፈልጋችሁ ያጣችሁበትንና ጭራሽ ያልረገጣችሁትን ቦታ በአንድ ቀለም አትቀቡ።