ለዜና ሰው መርዶ

ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ የቀረውን እየተንተባተብሁ አነባለሁ። ልጄ ግን አዲስ አበባ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ነው። ማይኩን ይዞ ሲቆም አገር ያየዋል። እኛም ከሮብ ገበያ ወዲህ ካለው ቤታችን ሆነን እናየዋለን፣ መብራት ካለ።

ባለቤቴ ዜናውን አትሰማም ነበር፤ የምታየው እሱን ነው። «ከስቷል» ትላለች ሁልጊዜ። «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ብላ ትመልስለታለች።

«አንቺ ሴት፣ አይሰማሽም እኮ!» እላታለሁ።

«አንተስ አጠገቤ ተቀምጠህ መቼ ሰማኸኝ?»

ክረምቱ ሲወጣ ታመመች። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና የለም። አንድ ምሽት ልጃችን ብቅ አለና «መንገዱ ለተሽከርካሪ ክፍት ሆኗል» አለ። እኔ አላመንሁም። እሷ ግን «ልጄ አገር ፊት ቆሞ አይዋሽም፣ ውሰዱኝ» አለች። ጎረቤት ቃሬዛ አበጀ፣ ተሸክመን መኪና መንገዱ ዳር አደረስናት። ከጠዋት ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። አንድ መኪና አላለፈም። ተሸክመን መለስናት። ሳምንትም አልቆየች።

መርዶው እኔ ላይ ወደቀ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል የሐዘንተኛውን በር ያንኳኳል፣ ሰው ግራና ቀኝ ይይዘዋል፣ ያኔ ይነገረዋል።

«አያ፣ ጊዜው ተለውጧል፣ ይደውሉለት» አሉኝ ጎረቤቶቼ።

እምቢ አልሁ። የእናቱን ሞት የሚይዘው ሰው ሳይኖር አይሰማም። መንገድ ሲከፈት ራሴ እሄዳለሁ አልኋቸው።

ኔትወርክ የመጣ ቀን እሱው ደወለ።

«አባዬ፣ እማዬን ያገናኙኝ።»

«ለቅሶ ቤት ናት።»

«የማን ለቅሶ?»

«እዚሁ ነው፣ ቅርብ።»

«አሟታል ብለውኝ አልነበር? እንዴት ሄደች?»

«ሰው ተሸክሞ አደረሳት።»

ያወቀብኝ መስሎኝ ቶሎ ብዬ «መንገዱ ተከፍቷል አላልህም? ና እንጂ» አልሁት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባዬ፣ እሱ እኮ ዜና ነው። እንዳትወጡ! እማዬን ይዘው እንዳይወጡ።»

«እሺ፣ አንወጣም» አልሁት። ሌላ ምን ልበለው? ስልኩም ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልሠራም። መንገዱም እንደተዘጋ ነው።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም ይሉኛል። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እከፍተዋለሁ። ምናልባት አንድ ሰው ነግሮት ጥቁር ለብሶ ይታይ ይሆናል እያልሁ ልብሱን ነው የማየው።

ትናንትም ቀይ ከረባት አስሮ መጣ። «እንደምን አመሻችሁ» አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደተቀመጡ ወደኔ ዞሩ። የመለሰለት የለም።

ከስቷል።