አጎቴ ከወንበሩ ይነሳል አይነሳም

«ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም ተባልኩ እኮ! በዚህ ዕድሜዬ!»

አጎቴ ይህን ሲል የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳን ሳትል፣ «በራሳችን ሠርግ እንኳ አልተቀመጥክም፤ ፎቶው ላይ የለህም። ድምፅ ማጉያ ስትጠግን ነበር» አለችው።

የከተማችንን ሆስፒታል የኮምፒውተር መስመር የሚጠብቀው አጎቴ ነው። ገመዶቹን በአክስቴ የጥፍር ቀለም ምልክት ስለሚያደርግባቸው ባልደረቦቹ «ቀይ ጥፍሩ» ይሉታል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱን ያቃተው ብልሽት የለም። ሰርተፍኬት ግን የለውም። አሁን ደግሞ የክፍል ኃላፊነቱ ያለሰርተፍኬት አይሰጥም ተባለ። ካመለጠው አምና ራሱ ያለማመደው ጎረምሳ አለቃው ሊሆን ነው።

ወይ ውጭ አገር ሄዶ ለአሥራ ሁለት ቀን፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እየተቀመጠ ተምሮ ተፈትኖ ይመለሳል፤ ወይ ስድስት ወር ቤቱ ሆኖ ያነባል። ቅጹን ነገ ጠዋት መመለስ አለበት። እሱ መሄድ ይፈልጋል። አክስቴ ሁለተኛው ቀን ላይ ተነስቶ የሰዎቹን ማቀዝቀዣ ይፈታል ባይ ናት።

በዚሁ ተወራረዱ። ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሳይነሳ ከቆየ ይሄዳል፤ ከተነሳ ቤቱ ያነባል። ለምሳና ለሽንት ቤት ብቻ ተፈቀደ። አስተማሪውም ዳኛውም እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል የተሰናበትኩት። ከሥልጠናው ድርጅት የምትደውለዋን ሴትዮ ድምፅ በአፍንጫዬ አውጥቼ፣ «ውድ ሠልጣኛችን፣ ወደ ምዕራፍ ሦስት እንለፍ» እያልኩ የሥልጠናውን መጽሐፍ አነበብኩለት።

ቧንቧው ሲንጠባጠብ ጥርሱን ነከሰ። የስፌት መኪናው ሲንቋረር ዓይኑን ጨፈነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስቴ በጓዳ በኩል ዞራ ከኮሪደሩ አንድ ገመድ ነቀለች። አይቻለሁ። ዳኛ ነኝ ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው የዋይፋይ መብራት ቀይ ሆነ።

አጎቴ ላብ በላብ ሆነ። ቀስ ብሎ የወንበሩን እግር ያዘና፣ ከነወንበሩ እንደ ኤሊ እየተጎተተ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ወለሉ ጮኸበት። ደርሶ ገመዱን ሰካ።

«ተነሳ!» አለች አክስቴ።

«መቀመጫዬ የት ነው ያለው? እስቲ እይው።»

«ልብህ ግን ተነስቷል!»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶው እኔ ጆሮ ላይ፣ ለምሽቱ ሁለት ገና አምስት ሰዓት ይቀራል። «ውድ ሠልጣኛችን፣» አልኩ በአፍንጫዬ፣ «ምዕራፍ አራት።»