የሙና ኪኒን

ሥራ የጀመርኩት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ነጭ ጋዋን አልብሰው፣ የኪኒን መቁጠሪያ ትሪና ስፓቱላ ሰጥተው ጠዋቱን ሙሉ ሲያስቆጥሩኝ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሕግ ብቻ ነገሩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ልጅ፣ ታካሚው አወሳሰዱን መልሶ ሳይነግርሽ መድኃኒቱ ከእጅሽ እንዳይወጣ» አሉኝ።

ሕጉ ያሰለቻል። ሽማግሌዎቹ «በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ አደረግሽኝ እንዴ?» ብለው ይቆጡኛል። እኔም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ቢሆንም አሥራ ምናምን ዓመት ሳላጓድል ሠራሁበት። «ዶክተር» የሚሉኝን ግን ሐኪም ሳልሆን መድኃኒት የማድል ድራጊስት ነኝ እያሉ ማረም ስለሚያደክም ተውኳቸው።

ዘይነባ ከኪራሙ የመጣችው የአራት ወር ልጇን ሙናን አዝላ ነው። የሙና ምላስ ወፍሮ ከአፏ ይወጣል፣ ቆዳዋ ደርቋል፣ አታለቅስም። «ጨዋ ልጅ ወለድሽ እያለ አገሩ ሁሉ ሲመርቀኝ ከረመ፣ እታለም» አለችኝ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ደሟን አዲስ አበባ ልኮ አስመርምሮ ነበር። አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከተወለደች ጀምሮ አይሠራም። ዕጢው የሚያመነጨውን ካላገኘች አካሏም አእምሮዋም አያድግም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ ካመለጡ አይመለሱም። የሚተካው ኪኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል።

አሳየኋት። አንዷን ፍሬ በሁለት ማንኪያ መሃል ታደቂያለሽ፣ በጡትሽ ወተት ትበጠብጫለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ትሰጫታለሽ። መልሳ ነገረችኝ፤ አንዲት ቃል አልሳተችም።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው እየመጣች ትወስድ ነበር። ሙና ማልቀስ ጀመረች። ልጇ ስታለቅስ የምትስቅ እናት አንቺን ብቻ አየሁ እያልኩ እቀልድባት ነበር። ሙና ዓመት ከሦስት ወሯ ላይ ባንኮኒውን ይዛ ቆመችና «እታ» አለችኝ። ደስ አለኝ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ኪራሙ መንገድ ላይ ተኩስ እንዳለ ይወራ ነበር። ዘይነባ የስድስት ወር ኪኒን ጠየቀችኝ። መደርደሪያዬ ላይ የቀረው የሁለት ወር ነው። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ሰው ያጉረመርማል። «ያለኝ ይኸው ነው። መንገዱ አይታመንም፣ አብቃቂው» አልኳት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። መልሰሽ ንገሪኝ አላልኳትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

መንገዱ ተዘጋ። ዘይነባ የመጣችው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ቤታቸው ተቃጥሎ ጊዳ አያና ተጠልለው ከርመዋል። ቆማ ያየኋት ሙና እናቷ ጀርባ ላይ ናት። ፊቷ አብጧል፣ ምላሷ ተመልሶ ወጥቷል፣ ስጠራት ዞር አትልም።

ዘይነባ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ሦስት ፍሬና ጥቂት ስባሪ። «አላለቀም እታለም፤ እንዳልሽኝ አብቃቃሁት» አለችኝ። መጀመሪያ ግማሽ፣ ቀጥላ ሩብ፣ በኋላ ሩቧን በሁለት ቀን አንዴ። ገበሬ ናት፤ በክፉ ቀን ዘር እንዴት እንደሚተርፍ ታውቃለች። ቤቱ ሲነድ እህሉን ትታ ይህንን ቋጠሮ ይዛ ወጥታለች።

ሐኪሙ ኪኒኑን በሙሉ መጠን እንደገና አስጀመራት። ሰውነቷ ይመለሳል፤ የአእምሮዋን ግን ቃል አልገባም አለ። እኔም ተደብቄ መኖር አልቻልኩም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ አብቃቂው ማለት አልነበረብኝም» አልኳት።

ቀና ብላ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ያኔ ምን ልትዪኝ ነበር?»

«ሙሉውን ስጫት፤ ሊያልቅ ሲል በተገኘ ሰው ላኪብኝ።»

«በጫካ አቋርጦ በእግሩ የሚመጣ ሰውማ ነበር» አለች። «እልክብሽ ነበር።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እዚሁ ነቀምቴ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ሙና ኪኒኗን አታቋርጥም፤ ትሮጣለች፣ ትስቃለች። እኩዮቿ ማንበብ ጀምረዋል። እሷ መድኃኒት ቤቱ ስትመጣ ባንኮኒውን ይዛ ዛሬም «እታ» ትለኛለች፤ ሌላ የምትጨምረው ቃል የላትም።

ለተተኪዎቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ብቻ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ምን እንደሚደረግም ንገሩ። እሱንም መልሰው ይንገሯችሁ።