ያጨበጨቡለት መርከብ

ባለፈው ሳምንት በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስለ አንድ ጥንታዊ የእንጨት የጦር መርከብ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። የመርከቡ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲበራ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እጆቻቸው እስኪወርዱ ጠበቅሁ።

የመርከቡ ታሪክ አጭር ነው። አንድ የሰሜን አውሮፓ ንጉሥ ግዙፍ ባለሸራ መርከብ አሠራ፤ በላይኛው ወለልም ከባድ መድፎች አስጫነ። ከመነሣቱ በፊት ሚዛኑን ሊፈትኑ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ሲሮጡበት ክፉኛ ተወዛወዘ። ሩጫው ተቋረጠ፤ ለንጉሡ ግን «አይሆንም» የሚል አልተገኘም። መርከቡ በመጀመሪያ ጉዞው፣ ሊሸኘው በወጣው ሕዝብ ፊት ሰጠመ።

ይህን ያስተማሩን የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህራችን ናቸው። በዚያው ዓመት፣ ለሰኔው የወላጆች በዓል፣ ባሕር አይተን የማናውቅ ልጆች መርከቡን በፈረስ ጋሪ ላይ ሠራነው፤ አካሉ ባሕር ዛፍ፣ ሸራው አቡጀዲ፣ መድፉ የወተት ጣሳ። እኔ ታሪኩን በድምፅ ማጉያ ላነብ፣ ጓደኛዬ የሺ ንጉሡን ሆና ከላይ ልትቆም ተመደብን።

በዋዜማው ርእሰ መምህሩ መጥተው አዩት። «የክብር እንግዳው ከሩቅ እንዲያዩት አንድ ፎቅ ጨምሩበት» አሉ። ተጨመረ። የሺ ወጥታ ብትዘል ጋሪው አዘመመ።

«ጋሼ፣ ይወድቃል እኮ» አልኋቸው መምህራችንን። «እርስዎ ራስዎ አስተምረውን!»

ዓይናቸውን ከርእሰ መምህሩ ሳይነቅሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ የትልቅ ሰው ቃል መሬት አይወድቅም» አሉኝ።

የሺ ከላይ ሆና ሳቀች። «ፈሪ! አንቺ ታች ሆነሽ አንብቢ፤ ንግሥናው ለእኔ ይሁን።»

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ሜዳው ጭቃ ነበር፤ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ቆሎ ይቆረጥማሉ። «መርከቡም ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዘነበለ» የሚለውን አንብቤ ቀና ስል፣ መርከቡ ወደ ግራ እያዘነበለ ነበር።

ሕዝቡ አጨበጨበ። «አቤት! እንዴት አድርገው ቢያውቁበት ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የየሺ እናት እልልታ ነበር።

«እውነት ነው! እውነት ወድቋል!» ብዬ በድምፅ ማጉያው ጮኽሁ። ጭብጨባው ባሰ።

ሸራውን የተሸከመው ግንድ ያረፈው የየሺ ወገብ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእግሯ ቆማ አታውቅም። አደጋውን ያደረሰው ነፋስ ነው ተባለ። ነፋስ አልነበረም፤ አቡጀዲው እንደ ተሰቀለ ልብስ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር። የዚያኛውን መርከብ ጉዳይ የመረመሩትም አንድም ጥፋተኛ አላገኙም።

ንግግሬን ስጨርስ እንደገና ተጨበጨበ። የሺ ከፊት ረድፍ፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትመለከተኝ ነበር። ወንበሯን እየገፋሁ ስንወጣ፣ «እናቴ እኮ» አለችኝ፣ «እስክትሞት ድረስ እልል ብላ አታውቅም። ወንድሜን ስትድር እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።»

ያዘዙት ጡረታቸውን በሰላም በልተዋል፤ የታዘዙትም እንዲሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በራሷ ላይ የፈረደችው አንዲት ምንም ያላጠፋች ሴት ናት።