ውሃ ብቻ የለመነው እንግዳ

ልጅ ሆኜ የምናድርበት ጎጆ ከጃጁራ ከተማ ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤ ከጓሮው እንሰት፣ ከእንሰቱ በታች ደግሞ ምንጭ። ያኔ መብራት ስላልገባልን ኩራዙ የሚበራው እራት እስኪበላ ብቻ ነው። ከዚያ ጋዙ እንዳያልቅ እፍ ይባልና የሚቀረን የምድጃው ፍም፣ ከግድግዳው ወዲያ የላሞቹ ትንፋሽና የአያቴ የሎምባሞ ድምፅ ነበር። አያቴ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ስለነበሩ አስቀድመው ይጸልያሉ፤ «አሜን» ካልን በኋላ የእንሰት ቃጫ ጭናቸው ላይ እያሹ ገመድ ይገምዱና በሃዲይኛ ተረት ይጀምራሉ። እጃቸው ሥራ ካልያዘ አፋቸው አይፈታም ነበር። እኔ ዓይናፋር ስለሆንኩ ሁልጊዜ ጥግ እቀመጣለሁ፤ ጢሱም ተጠራቅሞ ወደ ጥጉ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜ ዓይኔ ሲያነባ እያየ «ተረቱ ሳይጀመር ለቅሶ ገባች!» ይላል፤ ሁሉም ይስቁብኛል።

በእኛ ዘንድ እንሰት የሚተክለው ወንድ ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን የሴት ነው። የትኛው ደረሰ፣ የትኛው ይቆይ፣ መቼ ተፍቆ ጉድጓድ ይግባ የምትለው እናት ናት። ሴቶቹ ሲፍቁ ወንድ በዚያ ቢያልፍ ነውር ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ አባቴ ለጓሮው ጉዳይ እናቴን ሲጠይቅ እያየሁ ነው ያወቅኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይጠይቅ ቀረ።

እናቴ የከምባታ ልጅ ናት፤ እህቷ ዱራሜ ትኖራለች። ያን ሰሞን የእህቷ ባል ሞቶ ለለቅሶ ሄዳ ሰነበተች። አባቴ ከሆሳዕና በጋሪ የባሕር ዛፍ ችግኝ ጭኖ መጣና ከምንጩ በላይ ያለውን እንሰት ነቅሎ ችግኙን በቦታው ተከለ። ሆሳዕና ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነበር፣ አጣና ይፈለጋል። ደግሞ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ በዚያ ላይ እየተነቀለ ከቦታ ቦታ ይዛወራል፤ ባሕር ዛፍ ግን አንዴ ከቆመ ጠባቂ አይፈልግም። አባቴ ሰነፍ አልነበረም። እኛን ማስተማር ነበር የፈለገው።

እናቴ ስትመለስ የለቅሶ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጓሮው ዳር ቆመች። ከዚያ ጎረቤት ሴቶችን ጠራች፤ ከተነቀለው የሚፋቀውን አብረው ፋቁ፤ ያልደረሰው ለከብት ተሰጠ። ያን ሳምንት ቡላው በቅቤ እየተሠራ እስክንጠግብ በላን። ያኔ ደስ ብሎኝ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ።

ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ አባቴም ፍሙ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ አያቴ አዲስ ተረት አመጡ። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ መልከ መልካም እንግዳ ወደ አንድ ቤት መጣ። ምግብ አልፈልግም፣ መኝታም አልፈልግም፣ ቆሜ አድራለሁ፣ አንድ ዋንጫ ውሃ ብቻ ስጡኝ አለ። ቤተሰቡ እንዲህ ያለ እንግዳ ከየት ይገኛል ብሎ ተደሰተ። በማግስቱ አንድ ቅል ሙሉ ጠየቀ፤ ቀጥሎ አንድ እንስራ። በጠጣ ቁጥር ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር ባለቤቱ ለጎረቤት «እንግዳዬን አያችሁት?» እያለ ይኮራል። የቤቱ ምሰሶ የነቀዘ ጊዜ እንግዳው ጣሪያውን በትከሻው ደገፈላቸው። በመጨረሻም ውሃ አለቀ ሲሉት «ግድ የለም፣ እኔው ፈልጌ አገኛለሁ» ብሎ እግሩን ወደ መሬት ውስጥ ሰደደ።

«ታዲያ ለምን አላባረሩትም?» አለ ወንድሜ።

«ጣሪያው በእሱ ትከሻ ላይ ነበራ!» አሉ አያቴ፣ ገመዱን እየሳቡ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ይሄ ተረት ለልጆቹ ነው ለእኔ?»

«ላልተኛ ሰው ነው።»

እናቴ በጨለማው ውስጥ አጭር ሳቅ ሳቀች። አባቴ ተነሥቶ ወጣ፤ ደጁን ከፍቶት ስለሄደ ብርዱ ገባና ተረቱ በዚያው ቀረ።

ምንጩ በአንድ ቀን አልደረቀም። መጀመሪያ በበጋ ቀጠነ፤ በጣሳ እየጨለፍን እስኪሞላ እንጠብቅ ነበር። ቀጥሎ የከብቶቹ ኮቴ ብቻ የሚታይበት ጭቃ ሆነ። አያቴ ያረፉት ምንጩ ጭቃ ሳለ ነው። ኋላ ሣር በቀለበት፣ እናቴም ሽቅብ እስከ ቦኖው ድረስ ጄሪካን ተሸክማ መሄድ ጀመረች። ከዚያው ባሕር ዛፍ ደግሞ የቆርቆሮ ቤታችን ምሰሶ ቆመ፤ የመጀመሪያው ቆረጣ ሲሸጥም እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ፍራሼ፣ ሻንጣዬ፣ የመጓጓዣዬ ብር ሁሉ ከእሱ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ባሕር ዛፍ በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ስለሚያደርሰው ተጽዕኖ በፈተና ጠየቀን። ሌሎቹ ሳይጨርሱ ጨረስኩ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ስጽፍ የእናቴ ጀርባ ትውስ አላለኝም። አሁን ሳስበው እንኳ የሚሰማኝ ነገር ትንሽ ነው፤ እጅ ብዙ ተደግፈውበት ሲደነዝዝ እንደሚሆነው።

ባለፈው በጋ ከምሠራበት ከሆሳዕና ለጥቂት ቀን እረፍት ወደ ቤት ሄድኩ። ከጉቶው ያቆጠቆጠው ዛፍ እንደገና ለአጣና ደርሶ ነጋዴ መጥቷል። ብሩ ለታናሽ እህቴ ለትግስት ኮሌጅ ነው፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ ስለ ጉቶው ነበር። ከተተወ ያቆጠቁጥና ለመጨረሻው ልጅ ለማሙሽ ይደርሳል። እናቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ ይነቀል ብላ ነበር።

«አንቺ ተምረሻል፣ ንገሪያት እስቲ» አለኝ አባቴ።

እናቴ ቀደመችው። «ጉቶው ቢነቀል ውሃው ይመጣል?»

ሁለቱም አዩኝ። ያነበብኩትን ነገርኳቸው። «ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። ቢመጣም ዓመታት ይፈጃል።»

«ይኸው!» አለ አባቴ። «‹ላይመጣም ይችላል› ለሚባል ነገር ማሙሽን ከትምህርት ላስቀረው?»

«ማሙሽን እኔም ወልጄዋለሁ» አለች እናቴ። «ልጅቷን ውሃው ይመጣል ወይ አልኳት እንጂ ይነቀል ወይ አላልኳትም። ይነቀላል። ያኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ ዛሬ ቤቴ ነኝ።»

አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር ቆየ። ዛፉ ተቆርጦ ከተጫነ በኋላ ግን ዶማውንና መጥረቢያውን ከማጀት አውጥቶ ደጃፉ ላይ አስደግፎላት ወደ ገበያ ሄደ። እኔና እሷ የመጀመሪያውን ጉቶ ቆፈርን። አፈሩ ዱቄት ነበር፤ ክንድ የሚያስገባ ያህል ብንወርድም ያው ዱቄት ነው። እሷ አላዘነችም፣ ወይም አላሳየችኝም። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ እሱን እንኳ ያየሁት ማታ ስታጠብ ነው።

ከአያቴ ተረቶች የቀረኝ ጥቂት ነው። ድምፃቸውን ረስቼዋለሁ፤ ብዙዎቹን ተረቶች ከመጻሕፍት ካነበብኳቸው ጋር አደባልቄአቸዋለሁ። የእንግዳውን ግን ከነጢሱ አስታውሰዋለሁ፤ ስናገረው ለተማሪ ልጆች ጥሩ ምክር ይመስላል። ለእኛ ቤት ምክር አልነበረም። አያቴ ሲናገሩት እንግዳው አስቀድሞ ጓሯችን ገብቶ ነበር።

አሁን ክረምት ነው። እናቴ ከዱራሜ እህቷ የሰጠቻትን የእንሰት ችግኝ በሚኒባስ አምጥታ ከምንጩ በላይ ተክላለች። በራሷ እጅ ተከለችው፤ አባቴም ዝም አላት። ትናንት ቢሮ ሳለሁ ደወለች።

«ጉቶው የነበረበት ጉድጓድ ውሃ ይዟል።»

«የዝናብ ነው እማዬ።»

«አውቃለሁ፣ አላበድኩም» ብላ ሳቀች። «ግን ባለፈው ሳምንት ወዲያው ይሰርግ ነበር። ዛሬ አደረ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አንድ ባለጉዳይ ገባ፣ ፋይሉን ፈልጌ ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ወጣ። በመስኮቱ ማዶ አዲስ ፎቅ እየተሠራ ነበር፤ አጣናው ርጥብ ሆኖ ይጠቁራል። እንደገና ጠበቅሁ። ምናልባት ደስታውም እንደ ውሃው ዓመታት ይፈጅ ይሆናል።