ከክፈፉ ሥር የቀረው ሰማያዊ

ሰሞኑን ልጄ ስልኳን አስጠግታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ተመራማሪዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ ባቆሙት ጥንታዊ የግሪክ ሐውልት ላይ ቀይ ብርሃን ያበራሉ። ለዓይን ነጭ ድንጋይ የሆነው ነገር በልዩ ካሜራ ሲታይ፣ ከልብሱ እጥፋት ውስጥ የጥንቱ ሰማያዊ ቀለም ቦግ ይላል። ልጄ ተገረመች። የእኔ ሐሳብ ግን ሰበታ ገብቶ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል፣ ቲቸር ገመቹ ዘንድ።

ቲቸር ገመቹ የታሪክ አስተማሪያችን ነበሩ። አንድ ቀን መጽሐፋችን ላይ እንደ ጥጥ የነጡትን የግሪክ ቤተ መቅደሶች እያሳዩ፣ «እነዚህ ሲሠሩ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ነበሩ» አሉን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መጽሐፉን ካላመንን ማንን እንመን? እሳቸው አልተቆጡም። የእጃቸውን ጠመኔ አራግፈው «ተነሱ» አሉና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ይዘውን ሄዱ።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ሣሩ ጉልበታችን ደርሷል፤ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። በሲሚንቶ ሐውልቶቹ መሃል ስንገባ ሳቃችን ጠፋ። ቲቸር ፀሐይና ዝናብ የሚያገኘው ቀለም ታጥቦ እንደሚሄድ፣ ከክፈፉ ሥርና ከተቀረጸው ፊደል ውስጥ ያለው ግን እንደሚተርፍ፣ የግሪኮቹን ሥራ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም እንዲህ ያለውን ቦታ እንደሚፈልጉ አስረዱን። «እስቲ ፈልጉ። በዓይን ብቻ፣ እንዳትነካኩ!»

የት እንደምሄድ አውቅ ነበር። አባቴ እዚያ ነው ያረፈው። ከተጂ ጤፍ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እኔ ዳዴ እያልኩ በመኪና አደጋ ሞተ። እናቴ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ዝምተኛ ሴት ናት። ስሙን አታነሳም፣ እኔም ፈርቼ አልጠይቅም። ሐውልቱን የማውቀው ግራጫ ሆኖ ነው። ተንበርክኬ ከክፈፉ ሥር ሳይ ግን ጥፍር የምታህል ሰማያዊ አየሁ።

«ቲቸር!» ብዬ ጮህኩ። መጥተው የተጻፈውን ስም አነበቡ። በየቀኑ ከስሜ ጋር የሚጠሩት ስም ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኮቱ፣ ነይ ተነሺ» አሉኝ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው፣ በቀስታ። «ይህን የቀባ ሰው አለ። ሄደሽ ጠይቂ።»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። እናቴ ክር ትጠቀልል ነበር።

«እማዬ፣ የአባዬን ሐውልት ሰማያዊ ማን ቀባው?»

እጇ ቀጥ አለ። «በምን አወቅሽ?»

«ከሥሩ ትንሽ ቀርቷል።»

ክሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ። ቀለሙን የገዛው እሱ ነበር፣ ለምንሠራው ቤት መስኮት። መስኮቱ ሳይገጠም ሄደ። ጣሳውን ማየት አላስቀምጥ አለኝ። ወስጄ እዚያ ጨረስኩለት።»

እናቴ ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሱቁን እስክንዘጋ ስለ እሱ አወራችኝ። መንገድ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ጥሎ እንደማያልፍ፣ ኦሮምኛው እየተሰባበረበት ተጂ ገበያ ሰዉን ሁሉ እንደሚያስቅ።

ዛሬ ሰበታ ሌላ ከተማ ሆናለች። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰፋ የአባቴ አጽም ተነሥቶ ሐውልቱ ፈረሰ። አዲሶቹ መቃብሮች በሴራሚክ የተለበጡ ናቸው። በእኛ ጊዜ ቤት ውስጥ ስለ ሞተ ሰው ዝም ይባል ነበር፤ ዝምታው ክብር ይመስለን ነበር። ልጄ ግን አያቷን አይታው ሳታውቅ በስሙ ትጠራዋለች፣ በተሰባበረ ኦሮምኛውም ትስቃለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።