ያለ ገደል የሚታጠፈው መንገድ

ንጋት፣ መካነ ሰላም

መናኸሪያው በጉም ተሸፍኗል። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ አሮጌው መንገድ መገንጠያ ላይ እንዲያወርደኝ ነገርኩት።

«እናቴ፣ እዚያ እኮ መኪና አይገባም። አስፓልቱ ከመጣ ወዲህ የሽርሽር ሆኗል።»

«አውቃለሁ።»

በውጭ አገር አሮጌ የባቡር ሐዲድ ነቅለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ያደርጉታል አሉ። በእኛ በኩል ባቡር ስለሌለ አሮጌውን የጠጠር መንገድ፣ ፒስታውን፣ እንዲያ አደረግነው። ይህ ፒስታ የአባቴን ማሳ ለሁለት ከፍሎታል። ለምን እዚያ እንደታጠፈ እስኪሞቱ ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም። አሁን አስጎብኚ ልጅ አለችው ሲባል ምን እንደምትል ልሰማ ሄድኩ።

ረፋድ፣ ፒስታው

መግቢያው ላይ መኪና እንዳያልፍ ድንጋይ ተደርድሯል። ጎረምሶች በብስክሌት፣ ገበያተኞች ከነበቅሏቸው ያልፋሉ። አስጎብኚዋ ዘሀራ ከጅዳ የተመለሰች ፈጣን ልጅ ናት። ከደሴ ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ተከተልኳት።

ቀጥ ብሎ የመጣው መንገድ ሜዳው መካከል ድንገት ታጠፈ። ገደል የለ፣ ወንዝ የለ። ባልየው ምክንያቱን ጠየቀ።

«ወልዮች የሚያርፉበት ሾላ ነበር። እንዳይቆረጥ ብለው ዞሩለት» አለች።

አላስቻለኝም። «ሾላ አልነበረም። ቀጥ ቢል የጌጡን ማሳ ይነካ ነበር። ያኔ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበር የመንገዱን ችካል ወደ አባቴ ስንዴ አዞረው።»

«ወላሂ እትዬ፣ የነገሩኝ እኮ ራሳቸው ጋሽ ጌጡ ናቸው» አለችና ወደ ፊት ጠቆመች።

ጌጡ መንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ።

«ጌጡ፣ ዛፉ ምን ነበር?» አልኩት ሰላምታ ሳልሰጥ።

አየኝ፤ አወቀኝ። «ወይራ» አለ።

«ለኔ ሾላ ነው ያሉኝ» አለች ዘሀራ። የደሴዋ ሴትዮ ሳቀች።

ጌጡ በከዘራው መሬቱን ሲጭር ቆየ። «የአባትሽ ስንዴ ጥሩ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ከሰዓት፣ ስመለስ

መታጠፊያው ላይ ዘሀራ ሌሎች ጎብኚዎችን ይዛ ቆማ አገኘኋት። አየችኝና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዛፍ አልነበረም። የአንድ ገበሬ ስንዴ ነበር። መንገዱን በስንዴው ላይ ያዞሩት ሰውዬም እኚያውና፣ ተቀምጠዋል።»

ጌጡ ይሸሻል ብዬ ጠበቅኩ። እጁን አንሥቶ ሰላም አላቸው። ጎብኚዎቹም ከበውት ፎቶ ሊነሡ ስልካቸውን ለእኔ አቀበሉኝ።

መታጠፊያው በሙሉ ፎቶው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸሁና አነሣኋቸው።